«ቤቱን ልቀቁልኝ» ከተባለ በኋላ፦ በጅማ ለሚኖር ተከራይ ቤተሰብ የትኛው መንገድ ይሻላል?

«ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቁልኝ።» በጅማ ኪራይ ቤት የኖረ ሰው ይህን ቃል ቢያንስ አንድ ጊዜ ሰምቶታል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ልጅ ያገባል፣ ዘመድ ከገጠር ይመጣል። ብዙ ጊዜ ግን ሌላ ሰው የተሻለ ዋጋ ሰጥቷል ማለት ነው። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ቤተሰቡ ያን ሌሊት ሳይተኛ ያድርና ሲነጋ ደላላ ጋ ይሮጣል። ይህን የምጽፈው በዚያ ሌሊትና በዚያ ጠዋት መካከል ላለ ሰው ነው።

ደላላ ጋ ከመሮጥ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። አብዛኞቻችን የምናወዳድረው ኪራይን ከኪራይ ጋር ነው፤ እዚህ ይህን ያህል፣ እዚያ ይህን ያህል እንልና ርካሹን እንይዛለን። ቤት መልቀቅ ራሱ ስንት እንደሚያስወጣና በየወሩ ምን እንደሚያጎድል ግን አንቆጥርም። በኑሮው ከሚንገዳገድ ቤተሰብ ላይ የመጨረሻውን ጥሪት የሚወስደው ብዙ ጊዜ የኪራይ ጭማሪው ሳይሆን በጥድፊያ የተደረገው ስደት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት በነሐሴ ወር አንዲት ቡና ለቃሚ ጎረቤቴ ከመንደራ ሰፈር ስትወጣ ዕቃዋን ጋሪ ላይ አብረን ጫንን። ፍራሹን በላስቲክ ጠቀለልነው፤ ዝናቡ ግን በጎን ገብቶ አራሰው። በርጩማዎቹን ገልብጠን በገመድ አሰርናቸው። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ለጋሪ ማመን ስላልተቻለ የአሥር ዓመት ልጇ አቅፎት ከኋላ በእግሩ ተከተለ። ቡና ለቀማው ክረምት ላይ ስለሚቀዘቅዝ ቤቱን የሚያኖረው ለጎረቤትና ለሱቅ የምታስረክበው እንጀራ ነበር። አዲሱ ክፍል ከቀድሞው በ500 ብር ይረክሳል። ዕቃው ወርዶ ካለቀ በኋላ አዲሱ አከራይ ምጣዱን አይተው «እሱ እንኳ እዚህ አይሰካም፤ ቆጣሪው አይችልም» አሏት። ለ500 ብር ብላ እንጀራውን አጣች። እስከ ኅዳር አልቆየችም፤ እንደገና ዕቃ ጫነች።

ያን ቀን ማንኛችንም «ምጣድ ይፈቀዳል ወይ?» ብለን አለመጠየቃችን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከሁሉ በፊት ጊዜ

በሦስት ቀን ውስጥ የተገኘ ቤት ጥሩ ቤት አይሆንም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ወዴት እንሂድ?» ሳይሆን «ስንት ቀን አለን?» ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ አከራይ በገዛ እጁ በር ቆልፎ፣ ቆርቆሮ ነቅሎ ወይም መብራት ቆርጦ ተከራይን ማስወጣት አይችልም። ማስወጣት ካለበት በፍርድ ቤት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ከዚህ ርቆ ይሄዳል። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። በክልል ከተሞች አፈጻጸሙ በክልሉ ውሳኔ ላይ ስለሚመሠረት፣ ምዝገባው የት እንደሚካሄድ ቀበሌያችሁን ሄዳችሁ ጠይቁ። ማመልከቻ ከሆነ በአፋን ኦሮሞ ይጻፋል፤ ቋንቋውን የማይጽፍ ሰው ጎረቤት ወይም ማመልከቻ ጸሐፊ ቀድሞ ይያዝ፣ ለዚህ ብቻ አንድ ቀን ይባክናል።

ውል ከሌላችሁስ? የዚህ ከተማ አብዛኛው ድሃ ተከራይ የሚኖረው በቃል ነው። በቃል መኖር መብት አልባ ማለት ሳይሆን ማስረጃ አልባ ማለት ነው። ኪራይ በቴሌብር ወይም በባንክ የከፈላችሁበት መልእክት ካለ አትሰርዙት። በእጅ የምትከፍሉ ከሆነ በየወሩ በደብተር ላይ አስፈርሙ፤ እምቢ ካሉ ጎረቤት ባለበት ክፈሉ።

ነገሩ ወደ ክስ ከሄደ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌላቸው ሰዎች ነጻ የሕግ አገልግሎት ይሰጣል። የዳኝነት መክፈያ ለሌለውም የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በድህነት የመክሰስ መብት ከአንቀጽ 467 ጀምሮ አስቀምጧል፤ አቅም እንደሌላችሁ የሚገልጽ ማስረጃ ከቀበሌ መያዝ ይረዳል።

ሕግን መያዝ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሕግን ለምን እንደያዛችሁት እወቁ። አንድ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት እየተጋሩ፣ ከከሰሱት አከራይ ጋር ለዓመታት መኖር ልጆችን ያሳቅቃል። ያሸነፉም ሰዎች ብዙ አይቆዩም። እኔ የምመክረው ሕጉን ለዘላለም ለመቆየት ሳይሆን «እስከ ወሩ መጨረሻ» የተባለውን ወደ ሁለትና ሦስት ወር ለማራዘም፣ ከተቻለ ክረምቱንና የትምህርት ዘመኑን ለመሻገር እንድትጠቀሙበት ነው። በሰኔ ከትምህርት ቤት መሸኛ ይዞ መውጣትና በየካቲት መውጣት ለልጅ አንድ አይደለም።

ተደራድሮ መቆየት ወይስ ወደ ከተማው ዳር መውጣት

አብዛኛው ቤተሰብ የሚወላውለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስለሆነ እዚህ ላይ ወረቀትና እርሳስ ይያዝ። የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት ያህል ናቸው፤ በቦታቸው የራሳችሁን አስገቡ።

አንዲት እናት ሂርማታ አካባቢ በ3,000 ብር ትኖራለች እንበል። አከራዩ 4,500 ጠየቁ። ወደ ጅሬን አቅጣጫ ዳር ላይ በ2,500 ክፍል ተገኘ። በኪራይ ብቻ ካየነው የ2,000 ብር ልዩነት ነው፤ ማን ይቀራል? አሁን መጓጓዣውን እንጨምር። እናት ወደ ሥራ፣ አንድ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት፣ ለሁለቱ በቀን 60 ብር ባጃጅ ቢወጣ፣ በወር 26 ቀን 1,560 ብር ነው። የዳሩ ቤት እውነተኛ ወጪ 4,060 ብር ሆነ። ልዩነቱ 440 ብር ብቻ ነው።

ቤት የመቀየሪያው ወጪም አለ። ለደላላ 500፣ ለጋሪ ወይም ለመኪና 800፣ ከሥራ ለሚቀርባቸው ሁለት ቀናት 400፤ በድምሩ 1,700 ብር የማይመለስ ገንዘብ። በወር 440 እያተረፉ ይህን ለመመለስ ወደ አራት ወር ገደማ ይፈጃል። የሁለት ወር ቅድሚያ 5,000 ብርም በአንድ ጊዜ መገኘት አለበት። ይህ ገንዘብ ኪራይ ሆኖ ስለሚቆጠር አይጠፋም፤ ግን ከየት ይመጣል? ከእቁብ ከሆነ ይሁን፤ ከአራጣ አበዳሪ ከሆነ ግን ርካሹ ቤት ከሁሉም የሚከብድ ቤት ሆነ ማለት ነው።

ስሌቱ አንድ ጠቃሚ ነገር በእጃችሁ ይሰጣል፤ የድርድራችሁን ጣሪያ። በዚህ ምሳሌ አከራዩ ከ4,060 በታች ከተስማሙ መቆየቱ ይሻላል። ስለዚህ «አልችልም፣ ድሃ ነኝ» ብሎ ከመለመን ይልቅ 3,800 ብሎ ቁጥር ይዞ መቅረብ ይቻላል።

አከራዩም የራሳቸው ስሌት እንዳላቸው አስታውሱ። ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢቀመጥ 4,500 ያጣሉ፤ ይህ የጠየቁት ጭማሪ የሦስት ወር ድምር ነው። አዲስ ተከራይ በሰዓቱ ይክፈል አይክፈል አያውቁም፤ እናንተን ያውቋችኋል። ብዙዎቹ አከራዮችም ሀብታም አይደሉም፤ ጡረተኛ፣ ባሏ የሞተባት፣ ከጓሮ ሁለት ክፍል ቀጥላ ልጅ የምታስተምር እናት ናቸው። የኑሮ ውድነቱ እነርሱንም ይነካል። ይህን ያወቀ ተከራይ በጠላትነት አይቀርብም።

የዚህ ከተማ ኑሮ ከቡና ጋር ይተነፍሳል። ለቀማውና ማበጠሪያው ሲከፈት በየቤቱ ብር ይገባል፤ ክረምት ላይ ይደርቃል። ስለዚህ «ጭማሪው ከሐምሌ ሳይሆን ከኅዳር ይጀምር» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ አከራይ ሲቀበል አይቻለሁ፤ ገንዘቡ እንደማይቀርበት ስለሚገባው ነው። «ሁለት ወር አስቀድሜ እከፍላለሁ፤ እስከሚቀጥለው ሰኔ አይጨመርብኝ» ማለትም ይቻላል። ራሳችሁ ብቻ አትሂዱ። የእድሩን ዳኛ ወይም አከራዩ የሚያከብሯቸውን አንድ ሽማግሌ፣ ሐጂ ወይም ቄስ ይዛችሁ ሂዱ። ሽማግሌ ፊት የተነገረ ቃል እንደ ፊርማ ባይሆንም ለማጠፍ ያሳፍራል። ተስማምታችሁ ስትጨርሱ ግን በወረቀት ይስፈር።

ወደ ዳር መውጣት የሚያዋጣው መቼ ነው? ሥራው እዚያው አቅራቢያ ሲሆን፣ ወይም ባልየው ራሱ ባጃጅ ሲነዳ፣ ወይም ልጆቹ ገና ትምህርት ቤት ሳይገቡ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ጅሬን ከመሐል ከተማው 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ዳገቱን ጭቃ ላይ በእግር የወጣ ሰው ያውቀዋል። ጉልት ለምትቸረችር ሴት ከገበያ መራቅ ማለት ማለዳ ቀድማ ቦታ መያዝ አለመቻል ማለት ነው። እንጀራ ለምታስረክብ ሴት ደግሞ ደንበኞቿን ትታ መሄድ ነው። ይህን በብር መቁጠር ከባድ ቢሆንም መቁጠር ያለበት ነው።

በዚያው ሰፈር ወደ ጠባብ ክፍል

ድርድሩ ካልሆነ እኔ ለብዙ ቤተሰብ የምመርጠው ይህን ነው፤ ሰው ግን በሐፍረት ይተወዋል። ሁለት ክፍል የነበረው ቤተሰብ እዚያው መንገድ ላይ ወደ አንድ ክፍል መግባት እንደ ውድቀት ይታየዋል፤ «ጎረቤት ምን ይለኛል?» ይላል። ያ ጎረቤት ግን ልጅ የሚጠብቅላችሁ፣ ጨውና በርበሬ የሚያበድራችሁ፣ በለቅሶ ቀን ድንኳን የሚተክልላችሁ ነው። ሱቁ በዱቤ የሚሰጣችሁ ስለሚያውቃችሁ ነው። አዲስ ሰፈር ስትገቡ ዱቤው ከዜሮ ይጀምራል። ለእድርም አዲስ ገቢ መዋጮና መጠበቂያ ጊዜ አለው። ልጆች ከትምህርት ቤታቸው አይነሡም፤ መታወቂያ መቀየር፣ ከቀበሌ መሸኛ ማውጣት፣ የጤና መድን ደብተር ማዛወር አይኖርም።

ችግሩ መጣበቡ ነው። አልጋና ምጣድ አንድ ክፍል ውስጥ ሲሆኑ ጭስና እንፋሎት ለሕፃን ይከፋል። ለዚህ ሁለት ነገር ተመልከቱ፤ መስኮቱ ይከፈታል ወይ? ውጭ ለማብሰያ የሚሆን ጣሪያ ያለው ጥግ አለ ወይ? እነዚህ ካሉ ጥበቱን መቻል ይቀላል።

የትም ቤት ስታዩ፣ ሰፈር ውስጥም ይሁን ውጭ፣ ኪራዩን ከመጠየቃችሁ በፊት የምትጠይቁትን ልንገራችሁ። ምጣድ ይሰካል ወይ? መብራቱ በራሱ ቆጣሪ ነው ወይስ በአምፖል ቁጥር ይከፈላል? ውሃው በፈረቃ ከሆነ በየስንት ቀኑ ይመጣል፤ በርሜል ማስቀመጫስ አለ? የውጭ በር ስንት ሰዓት ይዘጋል? የማታ ተራ ያለው ሰው ቤት ውስጥ ካለ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከዝናብ በኋላ ሂዱና ግድግዳውን በእጃችሁ ዳብሱ፤ ጭቃ ቤት ከሥሩ ከረጠበ ክረምቱን አይዘልቅም። አወይቱ ወንዝ ዳር ከሆነ ውሃው እስከ የት እንደሚወጣ ለአከራዩ ሳይሆን ለጎረቤት ጠይቁ።

አከራዮች ደግሞ «ስንት ልጅ አላችሁ?» ይሏችኋል። አራት ያላት እናት ሁለት ብላ ሁለቱን አያት ጋ ስትደብቅ አውቃለሁ። አልፈርድባትም። ነገር ግን በሁለተኛው ወር ሲታወቅ ሌላ «ልቀቁልኝ» ይመጣል። እውነቱን ተናግሮ ሦስት ቤት መከልከል፣ ደብቆ ሁለት ጊዜ ቤት ከመልቀቅ ይሻላል።

ዘመድ ቤት ደባል መግባት

ለሁለት ሳምንት መሸጋገሪያ ጥሩ ነው፤ ቀን ካልተቆረጠለት ግን ከምርጫዎቹ ሁሉ አደገኛው ይመስለኛል። ዘመድ «ቤታችሁ ነው» ይላል፤ ደግሞም ከልቡ ነው። ሦስተኛው ወር ላይ ግን ዘይቱ ቶሎ ያልቃል፣ ልጆች ይጣላሉ፣ ሁለት ሴቶች በአንድ ምድጃ ላይ መነጋገር ያቆማሉ። ከዚህ የባሰው ግን ዘመዱም ራሱ ተከራይ ከሆነ ነው። አከራዩ ሰው ሲበዛ አይተው፣ ውሃው ሲያልቅ ሰምተው ሁለቱንም ቤተሰብ ያስወጣሉ። አንድ ቤት የጠፋበት ችግር ሁለት ቤት ያጠፋል።

መግባት ግድ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን እስከ መቼ እንደምትቆዩ ተናገሩ፤ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ለመብራትና ለከሰል ድርሻ ስጡ። የዘመድ አከራይም ይወቁት። ዕቃ ሁሉ አትውሰዱ፤ ትልልቁን ሌላ ሰው ጋ አስቀምጡ፤ ዕቃ የሞላበት ቤት ቶሎ ያስመርራል።

ከከተማው መውጣት

ወደ ሰርቦ፣ ሸቤ ወይም አጋሮ መሄድ ኪራዩን ይቀንሳል። ወላጅ ወይም ቡና ያለው ወንድም እዚያ ላለው፣ ለቀማውም ለሚደርስበት ሰው ያዋጣል። ዘመድ ለሌለው ግን አያዋጣም፤ የቀን ሥራው ወቅታዊ ነው፤ ሌላው ጊዜ ባዶ ነው። በአማርኛ የሚማሩ ልጆች ካሏችሁ ትምህርት ቤቱ በአማርኛ የሚያስተምር ክፍል እንዳለው ሄዳችሁ አረጋግጡ፤ በስልክ «አለ» የተባለ አንዳንዴ የለም።

የቀበሌ ቤትና ከገበሬ የሚገዛ መሬት

የቀበሌ ቤት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት በሆነ ጊዜ የመጣ ነው። ኪራዩ አሁንም እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህም የያዘው አይለቅም። ተመዝገቡ፣ ግን እሱን ተማምናችሁ ሌላውን አትተዉ። «ስም አዞርላችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ራቁት፤ ያ ገንዘብ ተመልሶ አይመጣም።

ከገበሬ መሬት ገዝቶ ጨረቃ ቤት መሥራት ደግሞ የተስፋ መቁረጥ ምርጫ ነው፤ የመረጡትንም እረዳቸዋለሁ። በየዓመቱ «ልቀቁ» መባል የሰለቸው ሰው የራሱ የሚለው አራት ማእዘን ይናፍቃል። ሆኖም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የተፈረመው ወረቀት ሽማግሌ ቢፈርምበትም የመሬት ሽያጭ አይሆንም። የአምስት ዓመት እቁብ አንድ ማለዳ በማፍረሻ ማሽን ሲሄድ ማየት ከኪራይ ቤት ከመባረር በብዙ ይከፋል። ሰፈራችሁ በልማት የሚነሣ ከሆነም ካሣው በአዋጅ 1161/2011 መሠረት የሚሰላው ለባለይዞታው ስለሆነ፣ ተከራይ ይህን ሲሰማ ቶሎ ቤት መፈለግ ይጀምር፤ ማስታወቂያው በር ላይ እስኪለጠፍ አይጠብቅ።

የወጣችሁ ዕለት

መውጣቱ ከተቆረጠ ቀኑን እናንተ ምረጡ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ ውስጥ ከሆነ ማለዳ ጫኑ፤ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። የልደትና የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ወረቀት፣ የኪራይ ደረሰኝ በአንድ ላስቲክ ተጠቅልሎ በእናት ቦርሳ ውስጥ ይሁን፤ ጋሪ ላይ አይጫን። ክፍሉን ጠርጋችሁ፣ ግድግዳውንና በሩን በስልክ ፎቶ አንሡ። የቆጣሪውን ቁጥር አከራዩ ባሉበት አንብባችሁ ጻፉ። ቁልፉን በምስክር ፊት አስረክቡና «ቤቱን ተረክቤያለሁ፤ ቀሪ የመብራትና የውሃ ዕዳ የለባቸውም» የሚል ሁለት መስመር አስፈርሙ። ቀብድ ካለ የሚመለሰው በዚያች ሰዓት ነው፤ «ነገ ኑ» ከተባለ፣ ጋሪው ቆሞ ይጠብቅ።